መቀርቀሪያ የሌለው በር፦ «ከተማ ያበላሻቸዋል» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው ላኩልኝ። ሦስቱም ከሥሩ «ይሄን አየሽው?» ብለዋል። አየሁት። ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ተናድጄ፣ ቀጥሎ ቡና ጠጥቼ። ሁለተኛው ንባብ ይሻላል። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደሉም። የጻፉት ከልባቸው ነው፤ አንዳንዱም እውነት አለው። ቢሆንም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ከገጠር ለሚመጡ ሴት ልጆች የቤት ኪራይ እየከፈሉ፣ ዩኒፎርምና ደብተር እየገዙ ከተማ ውስጥ ማስተማራቸውን ጸሐፊው ይቃወማሉ። ማስተማር የመንግሥት ሥራ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በጸሎቷና በስብከቷ ትወሰን ይላሉ። ልጆቹ ከተማ ሲገቡ ይበላሻሉ፤ ዘመድ ያላት ዘመዷ ጋ ትቀመጥ። ገንዘቡ እዚያው ገጠር ትምህርት ቤት ቢሠራበት ይሻል ነበር። ለምን ሴቶች ብቻ? ደግሞስ ማትሪክ ይወድቃሉ፣ ገንዘቡ ሜዳ ይቀራል። በመጨረሻም የገንዘቡ አያያዝ አይታወቅም ይላሉ። በየተራ እመጣባቸዋለሁ። ሁሉም እኩል አያናግረኝም፤ አንዱ ላይ ብዙ እቆያለሁ።

ስለራሴ ሁለት ቃል። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት ሥር ለእነዚህ ልጆች የተቋቋመ ትንሽ ኮሚቴ አለ፤ ሰባት ነን። የያዝናቸው አሥራ አንድ ልጆች ናቸው፤ ከመንዝ፣ ከተጉለትና ከመርሐቤቴ የመጡ። ኮሚቴ ሲባል ቢሮ እንዳይመስላችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ጥድ ሥር ቆመን ነው የምንሰበሰበው፤ ሲዘንብ ደጀ ሰላሙ ውስጥ። እኔ ራሴ በ1998 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ከመንዝ ገጠር ወደ ወረዳ ከተማ በእግሬ የገባሁ ነኝ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

«ማስተማር የመንግሥት ነው»

ይሄን ሳነብ ትንሽ ሳቅኩ። እዚህ አገር ማስተማር የመንግሥት ሥራ የሆነው ትናንት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት እንኳ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ የቅብጥ ክርስቲያኖች ነበሩ። ከዚያ በፊት በክርስቲያኑ አገር ፊደል የቆጠረ ሁሉ፣ ዳዊት የደገመ ሁሉ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ነው። መንግሥት ሲመጣ ሥራውን ተረከበ፤ ጥሩ አደረገ። ግን ተረከበ ማለት ቀድሞ የሚሠራው ነበር ማለት ነው።

ለእኔ ዋናው መልስ ሌላ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ነው።

እስቲ አስቡት። ልጁ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ንባብ ጨርሷል። ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ከወላጆቹ ቤት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሳይሰናበት፣ ሌሊት ጠፍቶ። ከወሎ ጎጃም፣ ከሸዋ ጎንደር ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የማያውቁት ባልቴቶች ኩርማን እንጀራ ያወጡለታል። ውሻ ይነክሰዋል፣ እከክ ይይዘዋል፣ ግን ይማራል። ጎጆው ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። የኔታ ያውቁታል። ማታ ካልገባ የት ነበርክ ይባላል።

ይሄ ምንድን ነው ታዲያ? ከገጠር ወጥቶ ሩቅ ለሚማር ልጅ ቤተ ክርስቲያን መጠለያ፣ ምእመናን ምግብ፣ መምህሩ ደግሞ ጥበቃ የሚሰጡበት አሠራር ነው። መቶዎች ዓመታት ኖሯል። ያኔ «ልጁ ሰው አገር ሄዶ ይበላሻል፣ እናቱ ጋ ይቀመጥ» ያለ የለም። ካለም የሰማው የለም። አሁን የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ የምትወጣው ሴት ናት። እሷ ደግሞ ደበሎ ለብሳ በየደጁ ልትለምን፣ ጎጆ ቀልሳ መቃብር ቤት ልታድር አትችልም። ስለዚህ ኩርማኑ በኪራይ ተተካ። ሌላ የጨመርነው ነገር የለም።

በዚያ መንገድ አልፈው የዘለቁ ሴቶች ጥቂት ናቸው። ዓይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በመደነቅ ይነሣል። እሳቸውም የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባታቸው መምህር ባይሆኑ ኖሮ ማን ጎጆ ይሠራላቸው ነበር?

ጸሐፊው ከመጽሐፍም ጠቅሰዋል፤ ሐዋርያት የእግዚአብሔርን ቃል ትተን ማዕድ ልናገለግል አይገባንም ያሉትን። ልክ ናቸው፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ አለ። ግን ትንሽ ቀጥለው ቢያነቡ ምን ነበረበት? ሐዋርያቱ ማዕዱን አልዘጉትም። ሰባት ሰው አስመርጠው ሾሙበት። (እኛም ሰባት ነን። የኛው ግን አጋጣሚ ነው፤ ስምንተኛዋ ዱባይ ስለሄደች።)

«ከተማ ያበላሻቸዋል»

እዚህ ላይ ነው የምቆየው።

ጸሐፊው ልጅቷን ከተማ የምናስገባት እኛ አድርገው ነው የሳሉት። ልጅቷ እናቷ ጋ በሰላም ተቀምጣ ሳለ አንድ ኮሚቴ በሩን አንኳኩቶ «ነይ ከተማ ልውሰድሽ» ያላት ይመስላል። እንዲህ አይደለም። በብዙ ገጠር ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከተፈተነች በኋላ ቀጣዩ ክፍል ያለው ከተማ ነው። መማር ከፈለገች ትወጣለች። መማር ባትፈልግም ብዙዎቹ ይወጣሉ፤ ለሥራ፣ ከጋብቻ ለማምለጥ፣ ዓረብ አገር ለመሄድ። መናኸሪያ ሄዳችሁ አንድ ጠዋት ቁሙ። ከአውቶቡሱ ፌስታል ይዛ የምትወርደውን ልጅ ደላላው ከእኛ በፊት ነው የሚያገኛት። እሱ ኮሚቴ የለው፣ ቃለ ጉባኤ የለው፤ ፈጣን ነው።

ስለዚህ ትገባለች። ማን ጋ ትገባለች ነው እንጂ ጥያቄው።

እኔ የገባሁት እንዲህ ነው። ሦስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራየን። ኪራዩ በወር 60 ብር፤ ለሰው ሃያ ሃያ። ጭቃ ቤት ነው፤ ወለሉ እበት የተለቀለቀ፣ አንድ መደብ ያለው። ሦስታችንም እዚያው መደብ ላይ፣ ከቤት ያመጣነውን ባና ደርበን እንተኛለን። (የመንዝን ብርድ የቀመሰ ባና ምን እንደሆነ ያውቃል።) ዓርብ ከትምህርት ስንወጣ አራት ሰዓት በእግር ወደ ቤት። እሑድ ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የሰኞና የማክሰኞ እንጀራ። እንጀራው ግን እስከ ሐሙስ ይሄዳል። ሐሙስ ሲሻግት ጠርገን እንበላዋለን። ይሄን የምነግራችሁ እንድታዝኑ አይደለም። አብዛኛው የገጠር ተማሪ እንዲህ ነው የተማረው፤ አንዳንዱ አሁንም።

በሩ ግን ከውስጥ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ከውጭ ጓጉንቸር ይገባል፤ ከውስጥ ምንም። አከራያችንን አናገርናቸው። «ማን ይነካችኋል?» አሉን። ማታ ማታ ጀሪካን ውሃ እንሞላና በሩን እንደግፈዋለን፤ በላዩ የስንቅ ጆንያችንን። አንድ የጥር ሌሊት ጀሪካኑ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ሰማን። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሦስታችንም አንድ ላይ ጮኽን። ከውጭ የነበረው ሮጠ። ማን እንደሆነ አላየንም፤ በኋላም አልታወቀም።

ጠዋት ከሦስታችን አንዷ ደብተሯን ሰበሰበች። «እቴ፣ እኔ አልችልም» አለች። እንለምናት አንለምናት ሳናውቅ ሄደች። ከፋሲካ በኋላ ተዳረች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከማናችንም ይልቅ ሒሳብ የምትችለው እሷ ነበረች፤ እኔ አልጀብራ የገባኝ በሷ ነው።

አሁን ይሄን ታሪክ ለጸሐፊው ብነግራቸው «ይኸው ከተማ!» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የማየው ሌላ ነው። በዚያች ከተማ ውስጥ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። እሑድ የከተማው እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በፊታችን ያልፋሉ። አንዳቸው እንኳ የት እንደምናድር ጠይቀውን አያውቁም። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው ብሎ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። አንዲት እናት መጥታ ያንን በር ገፋ አድርጋ ብታየው አከራያችን አፍረው በማግስቱ ያሠሩት ነበር። ለእኛ ያላፈሩትን ለሷ ያፍሩ ነበር።

«ዘመድ ጋ ትቀመጥ» ስለሚሉት ደግሞ። ጥሩ ዘመድ አለ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ብዙ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንናገረውም እንጂ። ልጅቷ ስትመጣ «የእህቴ ልጅ ናት፣ ላስተምራት ነው» ይባላል። በሁለተኛው ወር እንጀራ የምትጋግረው እሷ ናት። በሦስተኛው ሕፃኑን የምታዝለው እሷ ናት። በዓመቱ የቀን ትምህርቱ ወደ ማታ ይዞራል። ማታ ክፍል ገብታችሁ እዩ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ጭንቅላታቸውን ደብተር ላይ ጥለው የሚተኙት እነማን ናቸው? ደመወዝ የላት፣ ውል የላት፤ ዘመድ ነቻ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ሠራተኛ ብትባል ቢያንስ ደመወዝ ትጠይቅ ነበር።

እኛ ምን እናደርጋለን? ትንሽ ነገር ነው። ኪራይ ከመክፈላችን በፊት ሁለት ሴቶች ሄደን ቤቱን እናያለን። መጀመሪያ መቀርቀሪያውን ነው የማየው። ቀጥሎ ሽንት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ማታ መብራት እንዳለው፣ ግቢው ውስጥ ሌላ ማን እንደሚኖር። እያንዳንዷን ልጅ ከአጥቢያው አንዲት እናት ትይዛታለች። እናቲቱ እሑድ ምሳ ትጠራታለች፣ ሲያማት ጤና ጣቢያ ትወስዳታለች፣ አከራይ ሲያስቸግር ሄዳ ትጮሃለች። መጮህ የሚችሉትን ነው የምንመርጠው። ልጅቷ ማታ ካልገባች የት ነበርሽ የሚላት ሰው አለ ማለት ነው፤ ልክ እንደ የኔታ።

በጀታችን ውስጥ ሞዴስም አለ። መጀመሪያ ሳነሣው የኮሚቴው ወንዶች አንገታቸውን ደፉ፤ አንዱ ጣሪያ ጣሪያ ያይ ጀመር። «ይሄ በቃለ ጉባኤ ይያዛል?» ተባለ። ይያዛል አልኩ። በወር አራት ቀን ከክፍል የምትቀር ልጅ በዓመት ስንት ቀን እንደምትቀር ይደምሩት አልኳቸው ገንዘብ ያዣችንን። ደመሩ። ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው፤ ቁጥር ይወዳሉ። አሁን በየወሩ መጀመሪያ «ሞዴሱስ ተገዛ?» ብለው ቀድመው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።

ሁሉ ነገር አምሯል ማለቴ አይደለም። አንዲት ልጅ አሥረኛ ክፍል ላይ ጠፍታብናለች። ከአንድ ልጅ ጋር ሄደች አሉ፤ የት እንዳለች አሁን አናውቅም። እናቷን ያነጋገርኩት እኔ ነኝ። ያቺን ቀን ጸሐፊው አጠገቤ ቢሆኑ ኖሮ የምመልስላቸው አልነበረኝም። ግን ከአሥራ አንዱ አንዷ ጠፋች ብሎ አሥሩን መናኸሪያ ላይ መተው ለእኔ መልስ አይመስለኝም።

«ገጠር ትምህርት ቤት ይሠራበት»

ግማሹን እቀበላለሁ። ልጅን ከቀዬዋ ሳያፈናቅሉ ማስተማር ከተቻለ ከሱ የሚበልጥ የለም። ከባሕር ዳር ብዙ የማይርቅ ሞሰቦ የሚባል የገጠር ቀበሌ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮጀክት ተሞክሮበታል። ወላጆች ልጃቸውን ሳይድሩ ካቆዩና ትምህርት ቤት ከላኩ በሁለት ዓመቱ በግ ወይም ፍየል ይሰጣቸው ነበር። ይሄው ነው። ቀላል ነገር ነው፣ ግን ሠርቷል፤ ልጆቹ ሳይዳሩ ቆዩ። በግ የመግዛት አቅም ደግሞ የትኛውም የጽዋ ማኅበር አያጣም።

ግን ይሄ ለታናናሾቹ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሲባል የፊዚክስ መምህር ሌላ፣ የኬሚስትሪ ሌላ፣ ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍት። ይሄን በየቀበሌው መንግሥትም አልቻለው፤ እኛማ ከሙዳየ ምጽዋት በሚወጣ ገንዘብ ከየት አምጥተን? ደግሞ ዘንድሮ ስምንተኛን ያለፈች ልጅ ድንጋይ እስኪጠረብ፣ ቆርቆሮ እስኪመታ አትጠብቅም። እሷን የሚጠብቃት ሌላ ነው፤ ሽማግሌ የላከ ሰው።

አንድ ነገር ግን ከጽሑፉ ተምሬያለሁ። ልጆቹን ሩቅ ከተማ ለምን ታመጣላችሁ ይላሉ። እውነት ነው፤ ሁለት ልጆች ቤታቸው አጠገብ ሁለተኛ ደረጃ እያለ ደብረ ብርሃን አምጥተናል። «ትልቅ ከተማ ይሻላል» ብለን ነበር። ልጆቹ እናታቸውን ለማየት የትራንስፖርት እየተቸገሩ ናቸው። እዚያው ወረዳ ከተማ ያለውን አጥቢያ አነጋግረን ኪራዩን በእነሱ በኩል ብንከፍል ኖሮ በርካሽም፣ በቅርብም ይሆን ነበር። ይሄን ለኮሚቴው አቅርቤዋለሁ።

«ለምን ሴቶች ብቻ?»

አጭር ነው። ወንዱም ይርበዋል፤ እውነት ነው። ግን ወንዱን በአሥራ አምስት ዓመቱ የሚድረው እምብዛም የለም። በሩንም ሌሊት የሚገፋበት የለም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። የወንጀል ሕጉም አንቀጽ 648 ላይ ሕፃን ልጅ ያገባን በእስራት ይቀጣል፤ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት። ሕግ አለ ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ግን ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው የአገራችን ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው፣ 14 በመቶው ጭራሽ 15 ሳይሞላቸው መዳራቸውን ነው ያሳየው።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ጓዳ ልንካ። ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ማግባት አለበት። ሥርዓቱ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን በየገጠሩ ሥርዓቱ «ትንሽ ልጅ ትፈለግ» ወደሚል ዞሮ ስንት ተማሪ ከክፍል ወጥታለች። ዕዳ አለብን። የምንከፍለው ኪራይ ችሮታ ነው ሲባል የማይጥመኝ ለዚህ ነው።

ደግሞ ቅድም ስላነሣሁት የቆሎ ተማሪ አንድ ጥያቄ ልመልስላቸው። ያ ሁሉ ዘመን ለወንዶች ብቻ ሲሆን «ለምን ወንዶች ብቻ?» ብሎ የጻፈ ነበር?

«ማትሪክ ይወድቃሉ»

ይሄኛው ጠንካራ ነው። ጸሐፊው ቁጥር አልጠቀሱም፤ እኔ ልጥቀስላቸው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። እንግዲህ የወደቀው አገር ነው። ባለ ፎቅ የግል ትምህርት ቤት የሚማሩም ወድቀዋል። ለእነሱ «የወላጅ ገንዘብ ሜዳ ቀረ፣ ይቅርባቸው» ያለ አልሰማሁም።

ግን በዚህ ብቻ ላመልጥ አልፈልግም። ጥፋት አለብን። ሦስት ዓመት ሙሉ ኪራይ ከፈልን፣ ዩኒፎርም ገዛን፣ ሞዴስ ገዛን፤ አንድ ቀን ግን ደብተራቸውን ገልጠን አላየንም። ገጠር ሳለች መምህር በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣላት ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንባታል። ዝም ትላለች። የገጠር ልጅ ዝምታ ጨዋነት ይመስላል፤ እኛም «እንዴት ያለች ጨዋ!» እያልን አለፍናት። አልገባትም ነበር። አሁን የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የግቢ ጉባኤ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናሉ። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብን ይሄን ነው።

ደግሞ ወደቀች ማለት ምን ማለት ነው? ከተፈተኑልን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች አንዷ ሪሚዲያል ገባች። ሁለተኛዋ አላመጣችም። ሁለት ሳምንት አለቀሰች። ከዚያ ቴክኒክና ሙያ ተመዘገበች፤ ምን ብትመርጥ ጥሩ ነው? ብየዳ። እናቷ ሰምተው «ልጄን እሳት ልታስበሏት ነው?» ብለው ደብረ ብርሃን ድረስ መጡ። ዛሬ አንድ ብረታ ብረት ቤት ትሠራለች። ዕድሜዋ ሃያ አንድ ነው፣ አላገባችም፣ ለታናሽ እህቷ ደብተር የምትገዛው እሷ ናት። ይሄ ሜዳ ከቀረ ሁሉም ገንዘብ ሜዳ ይቅር።

«የገንዘቡ አያያዝ አይታወቅም»

እዚህ ላይ አብሬያቸው ነኝ። ለምእመናኑ የማይነበብ ሒሳብ ሊኖር አይገባም። የእኛ በየሦስት ወሩ ከቅዳሴ በኋላ ይነበባል። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለሚሰለቸው ገንዘብ ያዣችን በሩጫ ነው የሚያነቡት፤ ግን ይነበባል። ሌላው አጥቢያም እንዲህ ቢያደርግ።

እንዲያውም ጸሐፊው የዘለሉት ከዚህ የባሰ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጉባኤ ላይ፣ ሕዝብ ሞልቶ፣ ስድስት ልጆች ተደርድረው እንዲቆሙ ተደረገ። መድረክ መሪው ድምፅ ማጉያ ይዞ «እነዚህ ምስኪን ልጆች» እያለ የእያንዳንዷን ታሪክ አወራ። የማን አባት እንደሞተ፣ የማን እናት እንደምትሰክር። ከዚያ አንድ አንድ ደርዘን ደብተር እየተሰጣቸው ፎቶ ተነሡ። ጫፍ ላይ የቆመችው ልጅ ደብተሮቹን ፊቷ ላይ ይዛ ቆመች። ፎቶ አንሺው «ዝቅ አድርጊው፣ ፊትሽ አልታየም» አላት። አላደረገችውም። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሏት እሷ ታውቃለች፤ እኛ አናውቅም።

የኔ ኮሚቴ ልጆች አይቆሙም፣ ስማቸው አይጠራም፣ ፎቶ የለም። በዚህ የተነሣ ሁለት ለጋሽ አጥተናል። አንደኛው «የረዳኋትን ልጅ ፎቶ ላኩልኝ፣ ልለጥፈው» አለ። አልላክንም። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ነገር ጽፈው ቢሆን ኖሮ ጽሑፋቸውን እኔው እያዞርኩ አስነብበው ነበር።

አሁን ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ። መስከረም ሊገባ ትንሽ ቀርቶታል። ከመርሐቤቴ ሁለት አዲስ ልጆች ይመጣሉ፤ እህትማማቾች ናቸው፤ አንደኛዋ ዘጠነኛ፣ ሌላዋ አሥረኛ። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ልናይ ሄድን። ክፍሏ ጥሩ ናት፤ ወለሉ ሊሾ፣ መብራት አለው፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ። በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። እጄን አሳለፍኩበት፤ ከውጭ ጓጉንቸር ይገባል፣ ከውስጥ ምንም የለም።

አከራይዋን ጠራኋቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ቡና ሊያፈሉልን ሲሉ ነው የደረስኩባቸው። መቀርቀሪያ እንዲያስገቡ ነገርኳቸው።

«ኧረ እቴ፣ ማን ይነካቸዋል?» አሉኝ።

ከበሩ ላይ ሆኜ ለበያጇ ደወልኩላት። ማክሰኞ ከሥራ በኋላ መጥታ ትሠራዋለች። ሒሳቧን ግን ለኮሚቴም አትቀንስም።